ትልቅ ሥጋ ሳይከተፍ ፍም ላይ፦ የትኛው ብልት፣ በየትኛው ዘዴ?

ጥብስ ላይ ማንም አይረታንም፤ የለመድነው ጥብስ ግን የተከተፈው ነው። በደቂቃዎች ያልቃል፣ ቅቤና ሽንኩርት ያግዙታል፣ ሥጋው ጠንካራ ቢሆን እንኳ ደቅቆ ስለሚቆረጥ ጥርስ አይፈትንም። ሦስት ኪሎ ሽንጥ ወይም አንድ ሙሉ ፍርምባ እንዳለ ግሪል ላይ ሲጋደም ነገሩ ይለወጣል። ላይ ላዩ ያራል፣ መሃሉ ደም ይላል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ እንደ ጎማ ይሳባል። ከዚያ ምክር ይጎርፋል፦ አንዱ «ቀድመህ ቀቅለው»፣ ሌላው «ፓፓያ ቀባው»፣ ሦስተኛው «ፍሙን አብዛው፣ ጭማቂውን ይዘጋዋል»።

የመጨረሻውን አሁኑኑ ጣሉት። ኃይለኛ እሳት ሥጋን ቡናማ ያደርጋል፣ ጣዕም ይሰጣል፤ የሚዘጋው ጭማቂ ግን የለም። የቀሩት ምክሮች ለአንዱ ብልት ትክክል፣ ለሌላው ጥፋት ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች አራት ዘዴዎችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እጃችሁ ላይ ያለው ብልት የቱን ይፈልጋል?

በምን እንመዝን?

አምስት ነገሮች ይበቃሉ። ብልቱ በእንስሳው ዕድሜ ምን ያህል ሠርቷል? ስንት ሰዓት አላችሁ? ክዳን ያለው ግሪል አላችሁ ወይስ ተራ ማንደጃ ብቻ? ስትዘናጉ ዘዴው ምን ያህል ይምራችኋል? የመጨረሻው ደግሞ እንግዶቻችሁ ናቸው። እዚህ ላይ የኛ ሰው ግራ ያጋባል፤ ቁርጥ በሚጥሚጣ ሲበላ ያመሸ ሰው፣ ግሪል ላይ የወጣ ሥጋ መሃሉ ትንሽ ቀላ ካለ «ኧረ አልበሰለም፣ መልሱት» ይላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ዘዴ ለመምረጥ ከዋጋው እኩል ይጠቅማል።

ልስላሴው የሚወሰነው ከሰሉ ሳይቀጣጠል ነው

ሥጋ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ የጡንቻው ክርና ክሩን አስሮ የያዘው ጅማት። ክሩ ሲሞቅ ይኮማተርና ውኃውን ይተፋል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በኋላ መድረቁ ይፋጠናል፤ 70 ካለፈ የሚቀረው ጭማቂ ጥቂት ነው። ጅማቱ ግን ጸባዩ ሌላ ነው። ጅማቱን የሚሠራው ኮላጅን በ60ዎቹ ውስጥ መጀመሪያ ይሸበሸባል፤ ወደ ለስላሳ ጄላቲን የሚቀልጠው ከ70 በላይ ለሰዓታት ሲቆይ ነው።

ከዚህ ሁለት መንገድ ይወጣል። ብዙ ያልሠራ ብልት ሳይደርቅ ቶሎ መውጣት አለበት። ብዙ የሠራ ብልት ደግሞ ከድርቀቱ ባሻገር ጅማቱ እስኪቀልጥ መቆየት አለበት። መሃል ላይ የሚያቆም ሰው በሁለቱም ይከስራል፤ 75 ዲግሪ ላይ የወጣ ፍርምባ ውኃውን ጨርሷል፣ ጅማቱ ግን እንዳለ ነው። «ሦስት ሰዓት ሙሉ አብስዬው ጠነከረብኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ያጋጠመው ይህ ነው። የበዛ መስሎት ነው እንጂ አልበቃውም።

ብዙ ያልሠሩት ከጀርባ በኩል ያሉት ናቸው፦ ጭቅና፣ ሽንጥ፣ በጎድኑ ላይኛው ጫፍ ያለው ሥጋ። ብዙ የሠሩት ፍርምባ፣ ዳቢት፣ ወርች፣ አንገትና ቅልጥም ዙሪያ ያለው ናቸው። የኋላ ታፋ መሃል ላይ ነው፤ ስቡ ትንሽ፣ ክሩ ረጅም፣ ለግሪል አስቸጋሪ። የብልት ስም ከአንዱ ሥጋ ቤት ወደ ሌላው ሊለያይ ስለሚችል በስም ከመከራከር በጣት ማሳየት ይቀላል። አሜሪካ ያላችሁ ጭቅናውን ቴንደርሎይን፣ ሽንጡን ስትሪፕ ሎይን ወይም ሰርሎይን፣ ፍርምባውን ብሪስኬት፣ ዳቢቱን ቸክ በሚል ስም ታገኙታላችሁ። እስራኤል ብልት በቁጥር ይጠራል፤ ፍርምባው ቁጥር 3፣ ፊሌው (ጭቅናው) ቁጥር 12 ነው።

አገር ቤት ሁለት ተጨማሪ ነገር አለ። የመጀመሪያው ከብቱ ነው። አብዛኛው የኛ ከብት ሻኛ ያለው ዜቡ ሲሆን፣ የዜቡ ሥጋ ከታረደ በኋላ በራሱ የሚለሰልሰው ሻኛ ከሌለው የአውሮፓ ከብት በዘገየ ፍጥነት ነው። ዓመታት አርሶ የተሸጠ በሬ ከሆነ ደግሞ ኮላጅኑ ጠብቆ ተሳስሯል። እንደ ሐረር ሰንጋ ታስሮ የደለበ ሲሆን በክሩ መሃል ስብ ስለሚገባ ልዩነቱ ገና ሲቆረጥ ይታያል። ስለዚህ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ «20 ደቂቃ» ሲል ለእርሻ በሬ ሽንጥ የተጻፈ እንዳልሆነ አስቡ።

ሁለተኛው የዕለት ሥጋ ፍቅራችን ነው። ለቁርጥ ትኩስነቱ ክብሩ ነው፤ ለግሪል ግን ችግር ነው። ከብቱ ከታረደ ከሰዓታት በኋላ ጡንቻው ይገትራል፤ ያ ግትርነት ለመላላት አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ ከዚያም በቅዝቃዜ እየቆየ መለስለሱን ይቀጥላል። ቅዳሜ ሌሊት ታርዶ እሑድ ጠዋት ፍም ላይ የተጣለ ሽንጥ እንግዲህ በክፉ ሰዓቱ ነው የተያዘው። ፍሪጃችሁ ከ4 ዲግሪ የማይበልጥ ከሆነና መብራት የማያስቸግራችሁ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ቀን አቆዩት። የፋሲካውን ሽንጥ ለሐሙስ ወይም ለዓርብ ማድረግ ይቻላል፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም አይጾምም። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ወደ አማራጭ 4 (ድስት መጀመሪያ፣ ፍም መጨረሻ) ዝለሉ።

ቅርጫ ለገባችሁም አንድ ነገር፦ በመደብ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ከሁሉም ብልት ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል እንጂ ለግሪል የሚሆን አንድ ወጥ ሥጋ አይገኝም። ወይ ከመታረዱ በፊት ከባልደረቦቻችሁ ጋር ተስማሙና ፍርምባውን በሌላ መደብ ለውጡ፣ ወይ ከሥጋ ቤት ለብቻው ግዙ። ሥጋ ቤት ስትሄዱ አፍ አውጥታችሁ ካልተናገራችሁ የቆራጩ እጅ በልማድ ይከትፋል። «ወንድሜ፣ ሽንጡን እንዳትከትፈው። አንድ ወጥ አድርገህ ሁለት ኪሎ ተኩል ቁረጥልኝ፤ አጥንቱን አውጣው፣ ከላይ ያለውን ስብ ግን ተውልኝ» በሉት። ስቡ እየቀለጠ ላይኛውን ሥጋ ይጠብቃል።

አማራጭ 1፦ ወፍራም ቆርጦ ቀጥታ ፍሙ ላይ

ትልቁን ሽንጥ ወይም ጭቅና ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት እየቆረጡ፣ ከተቀጣጠለ ፍም በላይ መጥበስ ነው። ክዳን አያስፈልግም፤ ተራ ማንደጃና ጠንካራ ፍርግርግ ይበቃል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ በየደቂቃው ማገላበጥም ችግር የለበትም፣ እንዲያውም እኩል ያበስለዋል።

ጥቅሙ ፍጥነቱና ጣዕሙ ነው። ጉዳቱ ይቅር አለማለቱ ነው። ስልክ አንስታችሁ ሦስት ደቂቃ ብትዘናጉ ጭቅናው አለቀ፤ ጭቅና ደግሞ ውድ ነው፣ ስቡም ትንሽ ስለሆነ ከደረቀ የሚያድነው የለም። ስብ ተንጠባጥቦ ነበልባል ሲነሳ ውኃ አትርጩ፣ አመዱ ይነሳና ሥጋው ላይ ያርፋል፤ ሥጋውን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጉት። ለፍርምባና ለወርች ይህ ዘዴ አይሠራም፣ አትድከሙ።

አማራጭ 2፦ ፍሙን ወደ አንድ ጎን፣ ሥጋውን ወደ ሌላው

ለአንድ ወጥ ሽንጥ፣ ለጎድንና ለሙሉ ጭቅና ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ፍሙ በግሪሉ ግማሽ ብቻ ይከመራል፤ ሥጋው በባዶው ግማሽ ላይ ተቀምጦ ክዳን ይደፋበታል። እሳቱ ከሥር ስለማይነካው ክዳኑ ሥር በሚዞረው ትኩስ አየር ቀስ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይበስላል። ላዩን ቡናማ ማድረጉ መጨረሻ ላይ፣ በፍሙ በኩል፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ብዙዎቻችን በተቃራኒው መጀመሪያ አሳርረን ኋላ መሃሉ እንዲበስል ስለምንጠብቅ ነው ላይኛው ሁለት ጣት የሚደርቀው።

ግሪሉ ውድ መሆን የለበትም። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል በማጠፊያ ተያይዞ፣ ከታችና ከላይ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ተበጅቶለት ከብየዳ ቤት ይወጣል። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር (የምግብ ዘይት ቢሆን ይመረጣል፤ ኬሚካል የነበረበትን አትቀበሉ)፣ ፍርግርጉም ዚንክ የተቀባ ሽቦ አለመሆኑን፤ ዚንክ በኃይለኛ ሙቀት መርዛም ጭስ ያወጣል። ከሰሉ የግራር ቢሆን ፍሙ ይረጋል፤ የባሕር ዛፉ ቶሎ ይነድና ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ እየጨመራችሁ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዋዜማውን ማታ በኪሎ ከ10 እስከ 12 ግራም ጨው በሁሉም ጎን ነስንሱና ሳትሸፍኑ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጨው ወደ ውስጥ እየዘለቀ ሥጋው ውኃውን እንዲይዝ ያግዘዋል፣ ላይኛውም ደርቆ ያድርና በኋላ ቶሎ ቡናማ ይሆናል። የጥብስ ቅጠልና ቁንዶ በርበሬ ከፈለጋችሁ በዚሁ ላይ፤ አዋዜ ግን አሁን አይቀባም፣ በርበሬው ፍም ላይ አርሮ ይመራል። አዋዜና ዳጣ ቦታቸው ማዕዱ ላይ ነው።

ሥጋው ባለበት ጎን የግሪሉ ሙቀት ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ መዳፋችሁን ከፍርግርጉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ በሥጋው በኩል ከ6 እስከ 8 ሰከንድ መቻል፣ በፍሙ በኩል ደግሞ ከ2 ወይም 3 ሰከንድ በላይ አለመቻል አለባችሁ። ስብ ያለበትን ጎን ወደ ፍሙ አዙሩት። በየ20 ደቂቃው ቦታ ከመለወጥ በቀር አትክፈቱ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይበተናል። ለሁለት ኪሎ ተኩል ሽንጥ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል።

ሰዓት ግን አይታመንም። የሥጋ ቴርሞሜትር ከግሪሉ ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ዕቃ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶ በፊት ይህን አስልኩ። አዲስ አበባ ስትፈትሹት አንድ ነገር እንዳያደናግራችሁ፦ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ስትከቱት 100 አይልም፣ 92 አካባቢ ነው የሚለው። ከተማው 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውኃው ራሱ የሚፈላው እዚያ ላይ ነው። ትክክለኛነቱን በበረዶ ውኃ ፈትሹት፤ 0 ካለ ደህና ነው።

ስንት ላይ ይውጣ? የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ የበሬ ሥጋ የሚመክረው 63 ዲግሪና የ3 ደቂቃ ዕረፍት ነው። በአገራችን የኮሶ ትል የታወቀ ስለሆነ እኔም ለቤተሰብ ሳበስል ከዚህ አልወርድም። መሃሉ 57 ወይም 58 ሲደርስ ወደ ፍሙ አሻግሩት፤ በየጎኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ካረፈና ከወረደ በኋላ ትንሽ ስለሚጨምር 63 ይጠጋል፣ በቴርሞሜትሩ አረጋግጡ። ከዚህ በታች፣ 55 ላይ ቀይ ሆኖ የሚወደው ሰው ካለ ሥጋውን አስቀድሞ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በቀዘቀዘ ፍሪዘር ለ10 ቀን ማቆየት የትሉን እጭ ይገድለዋል፤ ሌሎች ተሕዋስያንን ግን አይገድልም። ትንሽ ጭማቂም ያሳጣል።

ከዚያ 15 ደቂቃ ሳይነካ ይረፍ። አቆራረጡ ላይ ደግሞ ቢላዋው የሥጋውን ክር አቋርጦ ይሂድ። ክሮቹ በየት በኩል እንደተዘረጉ ገና ጥሬ ሳለ አይታችሁ ጫፉ ላይ ትንሽ ቆርጣችሁ ምልክት አድርጉ፤ ካረረ በኋላ አይታይም። በክሩ አቅጣጫ የተቆረጠ ሽንጥ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢበስል ለማኘክ ያስቸግራል። «አልበሰለም» ለሚሉት ጫፍ ጫፉን ስጧቸው፤ እሱ ሁልጊዜ ይበልጥ የበሰለ ነው። ካልበቃቸው ቁራጩን ሠላሳ ሰከንድ ፍሙ ላይ መልሱላቸው። ለአንድ ሰው ብሎ ሙሉውን ማድረቅ ተገቢ አይደለም።

አማራጭ 3፦ ቀኑን ሙሉ በዝግታ

ይህ የቴክሳስ ሰዎች ፍርምባን ያነገሡበት መንገድ ነው። ግሪሉ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ተይዞ፣ ከፍሙ ጋር ትንሽ ደረቅ እንጨት እየጨሰ፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ፍርምባ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ፍርምባ፣ ዳቢትና ወርች የሚለሰልሱት እንዲህ ነው። ሥጋው 65 ወይም 70 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ለሰዓታት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሳቱ ያነሰ መስሏችሁ ከሰል አትከምሩ፤ ከሥጋው ላይ የሚተነው ውኃ እያቀዘቀዘው ነው። እዚያ ላይ በወፍራም ፎይል ጥቅልል ሲደረግ ትነቱ ይቆማል፣ ሙቀቱም እንደገና መውጣት ይጀምራል። የኛ ፍርምባ ከአሜሪካው ያነሰና ስቡም የሳሳ ስለሆነ ቶሎ ጠቅልሉት፤ ከሥጋው ሥርም በውኃ የተሞላ ትሪ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ከፍታው እንመለስ፤ በአሜሪካ መመሪያ የሚመሩትን አዲስ አበባ ላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። መመሪያዎቹ «መሃሉ 95 ዲግሪ ሲሆን አውጡ» ይላሉ። ሥጋ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ግን ሙቀቱ ውኃ ከሚፈላበት አያልፍም፤ አዲስ አበባ ላይ ያ 92 ነው። 95ን የሚጠብቅ ሰው ሥጋው እስኪደርቅ ይጠብቃል። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል ውኃዋ 96 አካባቢ ይፈላል፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር በመካከል ናቸው። ስለዚህ ከ88 ጀምሮ ቁጥሩን ትታችሁ በቀጭን ብረት ውጉት፤ ያለ ትግል ገብቶ ከወጣ ደርሷል። ካልደረሰ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩና ደግሞ ውጉ። ከወረደ በኋላ ከነጥቅሉ አንድ ሰዓት ይረፍ።

ሻኛ እዚህ ቦታ ማግኘት አለበት። እኛ በጥሬው ስለምንወደው ፍም ላይ ማስቀመጥ ብዙም አይታሰበንም። የብራዚል ሰዎች ግን የዜቡ ከብታቸውን ሻኛ ኩፒም ብለው፣ በፎይል ጠቅልለው ለሰዓታት ካበሰሉ በኋላ ከፍተው ፍም ላይ ላዩን ቡናማ አድርገው ይበሉታል። ስቡና ጅማቱ ተሰባጥሮ ስለተሠራ ለረጅም እሳት የተፈጠረ ብልት ነው። አገር ቤት ያለ ሰው አንድ ብቻ የሚሞክር ቢሆን ከፍርምባው በፊት ይህን እመርጥለታለሁ።

የዚህ ዘዴ ዋጋ ከሰልና ሰው ነው። ከ6 እስከ 8 ኪሎ ከሰል ይበላል፤ በየ45 ደቂቃው የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። በአንጻሩ ስህተትን ይታገሣል፤ ግማሽ ሰዓት ቢያልፍበት ብዙም አይበላሽም።

አማራጭ 4፦ ድስት መጀመሪያ፣ ፍም መጨረሻ

የግሪል ወዳጆች ይንቁታል፤ እኔ ግን ለርካሽ ብልትና ለብዙ እንግዳ ከዚህ የበለጠ የሚያስተማምን አላውቅም። ፍርምባውን ወይም ዳቢቱን አንድ ወጥ እንዳለ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ፣ ግማሹን በሚሸፍን ውኃ፣ ክዳን ደፍታችሁ በቀስታ አብስሉት። ፍላቱ ከፈነዳ ክሩ ይጠነክራል፤ አልፎ አልፎ አንድ አረፋ ብቻ ብቅ ይበል። ደጋ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ፕሬዠር ኩከር የከፍታውን ችግር ስለሚፈታው በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል።

ወሳኙ ነገር ከዚያ በኋላ ነው፦ በገዛ መረቁ ውስጥ እንዳለ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይደር። ትኩሱን ብታወጡት ፍርግርጉ ላይ ይፈረካከሳል፤ አድሮ ግን ይጠነክርና አንድ ወጥ ሆኖ ይያዛል። በበዓሉ ቀን አድርቃችሁ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ቀብታችሁ መካከለኛ ፍም ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አገላብጡ። ጭሱ እንደ አማራጭ 3 ጠልቆ አይገባም፣ ይህ ጉድለቱ ነው። መረቁ ግን ለፍትፍት ይተርፋል።

በዘንግ ላይ ማዞር አምስተኛ አማራጭ ሊባል ይችላል። ለሙሉ በግ ያምራል፤ ለበሬ ሥጋ ግን ዘንጉ፣ ማዞሪያውና የሚያዞረው ሰው ከጥቅሙ ስለሚበልጡ አልመክርም።

ስለ ሎሚ፣ ፓፓያና መዶሻ

ሎሚና ኮምጣጤ ከላይ ጥቂት ሚሊሜትር እንጂ አይዘልቁም፤ ለጣዕም እሺ፣ ሦስት ኪሎ ሥጋን ግን አያለሰልሱም። ጥሬ ፓፓያ እውነትም ሥጋ የሚፈጭ ኢንዛይም አለው፤ ላይኛውን ሊጥ አድርጎ መሃሉን እንዳለ ይተወዋል። ለስስ ቁራጭ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ። መዶሻም እንዲሁ ለስስ ቁራጭ ነው። ለትልቅ ብልት የሚሠራው ጨው ብቻ ነው፣ እሱም ካደረ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| | 1፦ ቀጥታ ፍም | 2፦ ፍም ወደ ጎን | 3፦ ቀኑን ሙሉ | 4፦ ድስት ከዚያ ፍም |
|---|---|---|---|---|
| የሚስማማው ብልት | ጭቅና፣ ሽንጥ | ሽንጥ፣ ጎድን፣ ሙሉ ጭቅና | ፍርምባ፣ ዳቢት፣ ሻኛ | ፍርምባ፣ ዳቢት፣ ወርች |
| የሥጋው ዋጋ | ከፍተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| ጊዜ | 10–15 ደቂቃ | 1–1½ ሰዓትና ዕረፍት | 8–12 ሰዓት | 1–4 ሰዓት ዋዜማ፣ 20 ደቂቃ በዕለቱ |
| ከሰል (በግምት) | 1–2 ኪሎ | 2–3 ኪሎ | 6–8 ኪሎ | 1 ኪሎ |
| ክዳን | አያስፈልግም | ግድ ነው | ግድ ነው | አያስፈልግም |
| የሚወጣበት | 63 ዲግሪ | 57–58፣ ከዚያ ፍሙ ላይ ወደ 63 | ብረት ያለ ትግል ሲገባ | ድስት ውስጥ ሹካ ሲገባ |
| ስትዘናጉ | ወዲያው ይደርቃል | ጥቂት ይታገሣል | በደንብ ይታገሣል | በጣም ይታገሣል |
| የጭስ ጣዕም | መካከለኛ | ጥሩ | ከሁሉም የላቀ | ቀላል |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ጠርታችሁ፣ ክዳን ያለው ግሪልና ቴርሞሜትር ካላችሁ፣ ሽንጥ ገዝታችሁ አማራጭ 2። ለጭቅና የምታወጡት ገንዘብ በዚህ ዘዴ ሽንጥ ላይ ብታውሉት በጣዕም ትበልጣላችሁ፤ ጭቅና ለስላሳ ነው እንጂ ጣዕሙ ቀጭን ነው። ገንዘቡ ካለና እንግዳው ሁለት ሦስት ሰው ከሆነ፣ ጭቅናውን ወፍራም ቆርጣችሁ አማራጭ 1፤ ከፍሙ ግን አትራቁ።

ሃያና ሠላሳ ሰው የሚመጣ ከሆነ፣ ክርስትናም ይሁን ምርቃት፣ አማራጭ 4 ያለ ክርክር። ዋናው ሥራ ዋዜማውን ያልቃል፣ በዕለቱ ቤተ ዘመዱን ትቀበላላችሁ እንጂ ጭስ ውስጥ ቆማችሁ አትውሉም። የዕለት ሥጋ ብቻ ለምታገኙ ወይም የእርሻ በሬ ሥጋ ለደረሳችሁም መንገዱ ይኸው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ዳላስ ግቢ ያለው ቤት ያላችሁ፣ ቅዳሜ ነፃ ከሆነ፣ አማራጭ 3ን በሙሉ ፍርምባ ሞክሩ። ስትገዙ ሴሌክት የተባለውን ትታችሁ ቾይስ ወይም ፕራይም የሚል ምልክት ያለውን ፈልጉ፤ ምልክቱ በክሩ መሃል ያለውን ስብ ነው የሚናገረው፣ ፍርምባ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ጥያቄ ሌላ ነው። ከሰል በተዘጋ በረንዳ ወይም ክፍል ውስጥ አይቀጣጠልም፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቅ ይገድላል። እናንተ የአማራጭ 4ን የድስት ክፍል እንዳለ ውሰዱና መጨረሻውን በጋለ ወፍራም የብረት መጥበሻ ላይ ላዩን ቡናማ አድርጉት። ኦቨን ካላችሁ ደግሞ አማራጭ 2 ይሠራላችኋል፤ 120 ዲግሪ ላይ ሽንጡን 57 እስኪደርስ አቆዩና በዚያው መጥበሻ ጨርሱት፣ መስኮቱን ግን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ጭሱ ጎረቤት ያስነሳል።